የሽኮኮ ግልገል ቤት ካስገባችሁ፣ ስለ ወተቱ ከመጠየቃችሁ በፊት የልጆቹን ጣት እዩ

 

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ባለታሪኮቹ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከመካነ ኢየሱስ አንድ አባት በቴሌግራም ቪዲዮ ላኩልኝ። መካነ ኢየሱስ የእስቴ ከተማ ናት፣ ደቡብ ጎንደር። እኔም ልጅነቴን ያሳለፍኩት እዚያው ስለሆነ ስሟን ሳይ ሌላውን መልእክት ሁሉ ትቼ እሱን ነው የምከፍተው። ቪዲዮው ላይ የጫማ ካርቶን አለ። አሮጌ ሹራብ ተነጥፎበት ሦስት ቡናማ ግልገሎች ተቃቅፈው ተኝተዋል። ዳር ላይ ጡጦ ይታያል። የልጅ ድምፅም ይሰማል፦ «ቀስ በል፣ ትፈራለች!»

ከሥሩ አባት እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ዶክተር፣ ለግንባታ ድንጋይ ሲፈለጥ እናታቸው ሞተች። ልጆቹ ይዘዋቸው መጡ። የላም ወተት እየሰጠናቸው ነው፣ አንዱን ግን ያስቀምጠዋል። የቆርቆሮ ወተት ብንገዛ ይሻላል?»

እኔ የሰው ሐኪም ነኝ። ስለዚህ ወተቱን ትቼ አንድ ጥያቄ መለስኩላቸው፦ «ወንድሜ፣ ከልጆቹ የተነከሰ አለ?»

«የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ዶክተር፣ ትንሿ ልጅ ጣቷን ደብቃብን ነው የቆየችው። ከትናንት ወዲያ ነክሷታል። ብናገር አውጥተው ይጥሏቸዋል ብላ ነው።»

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እጇን በነጠላ ሸፍና ራት በልታለች።

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። በሥራ ዘመኔ በውሻም በድመትም በዝንጀሮም የተነከሱ፣ ቁጣውን ወይም የእንስሳውን መገደል ፈርተው የደበቁ ልጆች አይቻለሁ። እናንተ ቤት እንስሳ ካለ፣ የቤትም ይሁን የዱር፣ ልጁን «ተነክሰሃል?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። መጀመሪያ «ብትነግረኝ እንስሳውን አልጥለውም፣ አንተንም አልቆጣህም» በሉት። ከዚያ እጁን ራሳችሁ ያዙና ጣት በጣት እዩ።

ለመሆኑ ሽኮኮ የቱ ነው?

ስልካችሁ ላይ «ሽኮኮ» ብላችሁ ብትፈልጉ ጭራው እንደ መጥረጊያ የጎፈረ፣ ለውዝ በሁለት እጁ ይዞ የሚበላ እንስሳ ይመጣላችኋል። የልጆች ፊልም ላይ ያለው ማለት ነው። እሱ የአይጥ ዘመድ ነው። የሱ ዝርያዎች እኛም አገር አሉ፤ በተለይ በቆላው መሬት ቆፍረው የሚኖሩ፣ ጭራቸው ረጅም የሆኑ አሉ። የጎንደር ሰው «ሽኮኮ» ሲል ግን የሚያስበው ሌላ ነው፤ ገደል ላይና ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በቡድን የሚኖረውን፣ ጭራ የሌለውን፣ ጠዋት ጠዋት ድንጋይ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀውን። ዳዊት የሚደግም ሰውም ያውቀዋል፣ መሸሻው ድንጋይ እንደሆነ መዝሙሩ ላይ አለ። ይሄኛው ከአይጥ ጋር ዝምድና የለውም። ብታምኑም ባታምኑም በሥጋ የሚቀርበው ለዝሆን ነው! የላይኛው የፊት ጥርሱም እንደ ቀንድ ሾል ብሎ የሚያድግ ነውና ትልቁ ሲነክስ ቀልድ የለውም። በነገራችን ላይ ግልገሎቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ወጥተው ይቀመጣሉ። ልጅ ትከሻችን ላይ ስናወጣ «እሽኮኮ» የምንለው ከዚያ ይሁን አይሁን የቋንቋ ሰዎች ይንገሩን።

የሁለቱ ልዩነት ለሕክምናውም ለአመጋገቡም ወሳኝ ነው። የካርቶኑ ግልገሎች ጭራ የላቸውም፣ ዓይናቸው ተገልጧል፣ ፀጉራቸው ሙሉ ነው። የድንጋዩ ሽኮኮ ናቸው።

ንክሻው

የእብድ ውሻ በሽታ (ሬቢስ) በአገራችን ሰውን የሚይዘው በአብዛኛው በውሻ ነው። ቫይረሱ ግን ማንኛውንም አጥቢ እንስሳ ሊይዝ ይችላል። አይጥና የአይጥ ዘመድ የሆኑ ትንንሽ እንስሳት ሰውን በዚህ በሽታ ያስያዙበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በነሱ ንክሻ ብዙውን ጊዜ ክትባት አንጀምርም። የድንጋዩን ሽኮኮ ግን እዚያ መደብ ውስጥ መክተት አይቻልም። «አሥር ቀን እንየውና ካልታመመ እንተወው» የሚለው ደንብም የሚሠራው ለውሻና ለድመት ነው። ለዱር እንስሳ አይሠራም።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ይህች ግልገል ቫይረሱ ይኖርባታል ብዬ በጣም አልሰጋሁም። ግን ሬቢስ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ንክሻው ደግሞ ጣት ላይ ነው፣ ነርቭ የበዛበት ቦታ፣ ደምም ወጥቷል። ትንሽ ዕድል ከሞት ጋር ሲመዘን የትኛው እንደሚከብድ ግልጽ ነው። «አሁኑኑ» አልኳቸው።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ይሄ ነው። ቁስሉን በሚወርድ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ይዛችሁ እጠቡ። ከዚያ አልኮል ወይም አዮዲን ካለ መቀባት። ቡና መነስነስ፣ አመድ፣ ቅጠል፣ ጥርስ ሳሙና፣ ሁሉም ይቅር። ከሁለት ቀን በኋላም ቢሆን ይታጠባል። ከዚያ ወደ ጤና ተቋም። እዚያ የእብድ ውሻ ክትባት፣ እንደ ቁስሉ ዓይነት ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን፣ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ክትባት፣ አስፈላጊ ከሆነም ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል። ኦግመንቲን ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ አትጀምሩ። «ሁለት ቀን አልፏል፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» የሚባል ነገርም የለም። ቫይረሱ በነርቭ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው ወደ አንጎል የሚሄደው፤ ምልክቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የዘገየም ይጀመርለታል።

መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ ክትባቱ አልቆ ነበር። አባት ደውለው «ሰኞ ተመለሱ ተባልን፣ እስከዚያ ምን ይሆናል?» ሲሉኝ ድምፃቸው ውስጥ ማመንታት ሰማሁ። አያትየው በበኩላቸው ጠበል ይበቃታል እያሉ ነው። ጠበሉን አልከለከልኩም፣ ማንም እንዳይከለክል። «እማማ፣ ጠበሉም ይሁን፣ መርፌውም ይሁን፣ መርፌው ግን ሰኞን አይጠብቅ» ነው ያልኳቸው። በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ደብረ ታቦር ሄዱ። የመጀመሪያው መርፌ የዚያን ዕለት ተወጋ። ቀጣዮቹ በ3ኛ፣ በ7ኛ፣ በ14ኛና በ28ኛው ቀን ናቸው፤ ጤና ተቋማችሁ አጠር ያለ መርሐ ግብር ከሰጣችሁ ግን የነሱን ተከተሉ። ዋናው አለማቋረጥ ነው።

ወደ ወተቱ እንመለስ

አሥር ዓመት ሲሆነኝ እኔም አንድ አሳድጌ ነበር። አሳድጌ ማለት እንኳ አይቻልም፣ አራት ቀን ነው የቆየው። እንደ ሕፃን ጀርባው ላይ አስተኝቼ በጨርቅ ጫፍ ወተት አንጠባጥብለት ነበር። ሦስተኛው ቀን ማታ ወተቱ በአፍንጫው ወጣ፣ ከዚያ ትንፋሹ «ክር ክር» ማለት ጀመረ። ሲነጋ ደርቆ አገኘሁት። አያቴ «ዓይን በልቶት ነው» አለች። እኔም ለዓመታት ጎረቤታችንን በክፉ ዓይን አየኋት፤ ምስኪን፣ አንድ ቀን ብቻ ነበር መጥታ ያየችው። ሕክምና ትምህርት ቤት ገብቼ ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ ምን እንደሚከተል ስማር ነው የገባኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት።

ይሄንን ለሰው ልጅም አስታውሱት። ሕፃን በጀርባው አስተኝቶ፣ አፍንጫውን ይዞ በእጅ መጋት ዛሬም የሚደረግ ነገር ነው። ሳንባው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው።

ለግልገሎች ቅደም ተከተሉ ሙቀት፣ ውኃ፣ ከዚያ ወተት ነው። የቀዘቀዘ ግልገል አንጀቱ አይሠራም፣ ወተቱ ሳይፈጭ ይቀመጥና ያሳምመዋል። የሞቀ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልሉና ካርቶኑ አንድ ጎን ላይ ብቻ አድርጉት። ሲሞቀው ወደ ሌላው ጎን ይሸሻል። ሰውነቱ ሲሞቅ በመጀመሪያ ለብ ያለ ኦ.አር.ኤስ. በጥቂቱ። መርፌ በሌለው ትንሽ ሲሪንጅ፣ በሆዱ ቆሞ ወይም ቀና ብሎ፣ ጠብታ በጠብታ፣ በራሱ እየላሰ። አፍንጫው ላይ ከወጣ ወዲያው አቁሙ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጉ፣ ጥረጉት።

ጭራ ያለው የአይጥ ዘመድ ከሆነ ሥራው የባሰ ነው። እሱ ሲወለድ ራቁቱንና ዓይኑ የተጨፈነ ነው፤ ዓይኑ የሚገለጠው ከ4 እስከ 5 ሳምንት ገደማ ነው። እስከዚያ ሌሊትም ጭምር ይመገባል፤ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ እናቱ እንደምትልሰው በለብ ያለ ውኃ በራሰ ጥጥ ከሆዱ በታች ካላሻሹለት ሽንቱን እንኳ አይሸናም። በውጭ አገር ይሄን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የላም ወተት አይሰጡም፣ ተቅማጥ ያስይዘውና ውኃው አልቆ ይሞታል። ለቡችላ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው የሚጠቀሙት። ወደ ዱር የሚለቁት ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ነው።

የድንጋዩ ሽኮኮ ግን እናቱ ሆድ ውስጥ ከሰባት ወር በላይ ይቆያል። ሰባት ወር! ከፍየል ይበልጣል። ስለዚህ ጨርሶ ነው የሚወለደው፣ ዓይኑ ተገልጦ፣ ፀጉር ለብሶ፣ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ እየሮጠ። በቀናት ውስጥ ሣር መቆርጠም ይጀምራል፣ ወተቱን ግን ለሳምንታት ይፈልገዋል። ለአባትየው የነገርኳቸውም ይሄንን ነው፦ እርጥብ ሣርና ቅጠል ሁልጊዜ ይኑር፣ እንጀራና ሽሮ አይቅመስ፣ የወተቱን ዓይነትና መጠን ደግሞ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የእንስሳት ሐኪም ይወስንላችሁ። የፈሰሰበትንም እሱ ይየው። ሄዱ፤ እሱም ቤት ድረስ መጣላቸው። የሚያስቀምጠው ግልገል ግን በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ሌላም ነገር አለ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ይዞ ማቆየት በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ወላጅ አልባ ግልገል ሲገጥማችሁ ለወረዳችሁ ግብርና ማሳወቅ ለእንስሳውም ለእናንተም ይጠቅማል። እንደ አቦሸማኔና አንበሳ ያሉትን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲያስጥል፣ ሆለታ አቅራቢያ ያለው የቦርን ፍሪ እንሰሳ ኮቴ ማዕከል ይቀበላቸዋል። ለሦስት ሽኮኮ ከእስቴ ሆለታ ድረስ ሂዱ አልልም። ደግሞ እናቱ መሞቷን በዓይናችሁ ካላያችሁ «ተጥሎ አገኘሁት» አትበሉ። ብዙ ጊዜ እናቱ ሰው ፈርታ ተደብቃ ነው። ስንጥቁ አጠገብ መልሳችሁ ራቁና ተመልከቱ።

ቪዲዮውን ለሁለተኛ ጊዜ ስከፍተው

የልጅቷ መርፌ ከተጀመረ በኋላ ማታ ቁጭ ብዬ ቪዲዮውን እንደገና አየሁት። እነዚያን ግልገሎች ለማየት ነበር። ታላቅ ወንድሟ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ሲል ጉንጩ ላይ ሳንቲም የሚያህል፣ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሐሉ ቅርፊት የያዘ ነገር አየሁ። አቆምኩት። አሳደግኩት። አባትየውን «ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«አምና ነው የወጣበት። አያመውም፣ አያሳክከውም። የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው ይባላል። ቅጠል እያደረግንለት ነው።»

ይሄንን የሌሊት ወፍ ነገር ከስንት ታካሚ ሰምቻለሁ! የሌሊት ወፏ የለችበትም። ስሙ ቁንጭር ነው፤ በሕክምናው የቆዳ ሌሽማንያሲስ ይባላል። በኛ ደጋማ አካባቢዎች የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሌሽማንያ ኢትዮፒካ የሚል ስም አለው። ስሙ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፣ ስሙም ከአገራችን የተወሰደ ነው። ይህ ተሕዋስ የሚኖረው ማን ውስጥ መሰላችሁ? የድንጋዩ ሽኮኮ ውስጥ።

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ፣ ነገ «ዶክተሩ ሽኮኮ ግደሉ አለ» እንዳይባል። ሽኮኮን በመንካት ቁንጭር አይያዝም። በንክሻውም አይተላለፍም። ከሰው ወደ ሰው በመሳም፣ አብሮ በመብላትም አይተላለፍም። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ (ሳንድፍላይ) የሚባል፣ ከወባ ትንኝ በጣም የሚያንስ፣ ድምፅ የሌለው በራሪ ነው። እሱም ሽኮኮው የሚኖርበት የድንጋይ ስንጥቅና ዋሻ ውስጥ ቀን ቀን ይደበቃል፤ ሲመሽ ይወጣል። ሽኮኮውን ነክሶ ተሕዋሱን ይወስዳል፣ ኋላ ሰው ሲነክስ ይሰጣል። የተጋለጠው ፊት ስለሆነ ጉንጭ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ጆሮ ላይ ይወጣል። ከተነከሰ በኋላ ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ነው የሚታየው። በደጋና ወይና ደጋ፣ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገደል አጠገብ የሚኖር ሰው ነው በብዛት የሚታመመው።

ስለዚህ ልጁን ያስያዙት የካርቶኑ ግልገሎች አይደሉም። እሱ ሲታመም እነሱ አልተወለዱም። ከብት ጠብቆ ሲመለስ ሲመሻሽ የሚጫወትበት ዋሻ አፍ ነው ያስያዘው። (ከቆላ ሥራ ደርሰው የሚመለሱ ወጣቶችን የሚይዘው፣ ትኩሳትና የጣፊያ እብጠት የሚያመጣው ካላዛር ሌላ ነው። ቤተሰቡ አንድ ቢሆንም ተሕዋሱም ዝንቡም ይለያል፤ በ1997 ዓ.ም. በዞናችን ሊቦ ከምከም የታወቀው ወረርሽኝ እሱ ነበር።)

«አያመውም» የሚለው ቃል ነው የሚያዘናጋን። ቁንጭር ስለማያም ቤት ይቀመጣል። አንዳንዱ ከዓመት በላይ ቆይቶ ጠባሳ ጥሎ በራሱ ይድናል። አንዳንዱ ግን ወደ አፍንጫና ከንፈር ውስጥ ገብቶ ያበላሻል፤ አንዳንዱ ደግሞ እብጠቱ ሰውነት ላይ ይበተንና ሥጋ ደዌ ይመስላል፣ ያም ሰው ከሰርግ ከለቅሶ ይገለላል። በጋለ ብረት መተኮስ ደግሞ ከበሽታው የባሰ ጠባሳ ይተዋል። ምርመራው ቀላል ነው፤ ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሕክምናው እንደ ዓይነቱ ነው፦ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ ቁስሉ ውስጥ ወይም በጡንቻ የሚሰጥ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የሚባል መርፌ፣ ወይም የሚዋጥ ሚልቴፎሲን። ጡንቻ ላይ የሚሰጠው በየቀኑ ለሳምንታት ነው፣ ያማል፣ ልብንና ጉበትንም መከታተል ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቀድሞ፣ ገና ትንሽ ሳለ መምጣት የሚሻለው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሌሽማንያሲስ ብቻ የቆመ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው።

ልጁም የተላከው ወደ ጎንደር ነው። ናሙናው ላይ ተሕዋሱ ተገኘ። ፊቱ ላይ አንድ ቁስል ብቻ ስለነበር ቁስሉ ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ታከመ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ቀርቷል፣ ከንፈሩና አፍንጫው ግን ደህና ናቸው።

ፊታችሁ ላይ ከአንድ ወር በላይ የቆየ፣ የማያም፣ በቅባትም በፀረ ባክቴሪያም ያልዳነ ቁስል ካለ፣ ገደል አካባቢ ኖራችሁ ወይም ከርማችሁ ከሆነ ይሄንኑ ለሐኪሙ ንገሩት። አዲስ አበባ ያለ ሐኪም ላያስበው ይችላል፤ ክረምቱን አያቴ ጋ ገጠር ነበርኩ ማለት ምርመራውን ይቀይረዋል።

ግልገሎቹስ?

ሁለቱ ተረፉ። የእንስሳት ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ማንም እንዳያቅፋቸው ሆነ፣ ይሄ ለልጆቹ ከባዱ ነበር። የሚመግባቸው አንድ ሰው ብቻ፣ ወፍራም ጓንት አድርጎ። ማደሪያቸው ከወጥ ቤትና ከመኝታ ቤት የራቀ፣ ከተነኩ በኋላ እጅ በሳሙና። ሰው የለመደ እንስሳ ሰው ሲያይ አይሸሽም፣ ውሻም ሲያይ አይሸሽም፣ ያ ደግሞ ቀኑ አጭር ነው። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ በሽቦ የታጠረ ቦታ ላይ ድንጋይ ተደርድሮላቸው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ከሁለት ወር በላይ ቆይተው ወተት ትተው ሣር ብቻ ሲበሉ፣ ሌሎች ሽኮኮዎች ወደሚኖሩበት ገደል ተወሰዱ። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ። እኔም «እባካችሁ ከመምሸቱ በፊት ተመለሱ፣ ረጅም እጅጌ ልበሱ» አልኩ።

ቪዲዮ ተላከልኝ። ካርቶኑ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ አንዱ ወዲያው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሌላው ካርቶኑ ጠርዝ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ያያል። ከላይ አንድ ትልቅ ሽኮኮ ይጮሃል፣ የማስጠንቀቂያ ጩኸት። ያኔ እሱም ዘሎ ጠፋ።

ልጅቷ አምስተኛውን መርፌ ከጨረሰች ቆይታለች። የክትባት ካርዷን አሁንም ደብተሯ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው አሉ። ባለፈው ሳምንት በአባቷ ስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ጋሼ ዶክተር፣ ያቺ የነከሰችኝ ገደሉ ላይ ሆና ብታየኝ ታውቀኛለች?»